መስኮት

በዚህ ከተማ ላይ፣ በዚህ ፀሐይ መሀል፣
«መስኮቱ ሊዘጋ ነው» ቢሉኝ ምን ይባላል?
እኛ እንደሁ ለነፋስ አልጋ ደጅ አውጥተን
ያደርን ሰዎች ነን፣ መስኮቱን ከፍተን።
ሳቁብኝ። «የቤት አይደል፤ የዝውውር መስኮት ነው፣
ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲል ጥርቅም የሚለው።»

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣
ሀብቴ ካቻቢቴ፣ ሽቦና በርጩማ፤
እነሱ ግን ሲመሽ ሁሉም አሰልጣኝ ናቸው፣
ያውም ዋና፣ ዋና፤ ምክትል የለማ።

ቶፊቅ ባጃጁን አቁሞ፣ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፣
«ኢብሳን እንሽጠው፣ አቦ!» ብሎ ክርክሩን ጀመረ።
«አሁን ነው ገበያው፤ ዘጠኝ ጎል አለው በእጁ፣
ነገ ጉልበቱ ቢፈነዳ ማን ሊያነሳው ነው ከደጁ?»

ዴቃ የለውዙን ስፍር ጣሳው ላይ ጥላ ተነሳች፣
«ልጁን ከሸጣችሁት እኔ ስታዲየም አልገባም» አለች።
«ደግሞ ለማን? ለነዚያ? ባለፈው በዳኛ ላሸነፉን?
ሁለት ተከላካይ ጥለው አጥቂያችንን ሊወስዱን?
ወረቀቱን ተዉት፣ አንደኛው ሠላሳ ነኝ ይላል፣
ከታላቅ ወንድሜ ጋራ ስምንተኛን ወድቋል!»

ኢብሳ እኮ የዚሁ ነው፤ ደረቁ ደቻቱ ውስጥ
አሸዋው ቁርጭምጭሚት ሲውጥ ነው የተማረው መሮጥ፤
እና ሣር ላይ ሲወጣ ማን ይዞት፣ ማን ደርሶበት?
አሸዋው ለተከላካዩ ዞረ፤ እግሩ ከበደበት።

ረድዋን ቆርኪ ደረደረ፤ አራት፣ አራት፣ ሁለት።
«ይኸው የግራ ክንፋችን፤ ይኸው፣ የሌለ ሰው ያለበት።
ሦስት አግብተን አራት ከገባ፣ ጎል ብቻውን ምን ሊረባ?
ደመወዝ አራት ወር ቀርቷል፤ ማን ይሮጣል ለጭብጨባ?»
አንዱ ቆርኪ ተንከባሎ የባጃጁ ጎማ ሥር ገባ።
ማንም አላነሳውም።
ኋላ ነው የገባኝ፤ ኢብሳ እሱ ነበር።

ደግሞ ወሬ መጣ፤ «ገዢው ራስ ሆቴል ነው ያረፈው።»
«አይ፣ ሳቢያን ነው! ውሉን በቦርሳ ነው የያዘው።»
«ወንድሜ አይቶታል፤ ፂማም ነው፣ አጭር፣ ሰው አያይም።»
«እሱማ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ ኳስ ከሐብሐብ አይለይም!»

ጋሽ ዓሊዪ ዝም ብለው ነበር፤ የሼመንደፈር ሰው ናቸው፣
የአሮጌው ሐዲድ ጩኸት አንድ ጆሮ የነሳቸው።
«እኔም ተዘዋውሬ ነበር፤ በጠመኔ ነው የጻፉኝ፣
ሰሌዳ ላይ፣ ‹ጅቡቲ› ብለው፤ ሚስቴ አራስ ነበረች፤ ወሰዱኝ።
የዚያን ለታ ከዚህ ዛፍ ሥር አንድም ሰው አልተጣላልኝ፣
አንድም ሰው፣ ‹ዓሊዪ ይቅር› ብሎ ቆርኪ አልደረደረልኝ።»

የለውዙ ቅርፊት እንኳ መሰበሩን አቆመ።

ኢብሳ መጣ፤ እሱ ራሱ፣ ኮቴው እንኳን ሳይሰማ፣
የእናቱን ሬዲዮ ሊወስድ፣ በቁምጣ፣ በነጠላ ጫማ።
ረድዋን ቆርኪዎቹን ሁሉ በእግሩ አፈር አለበሰ፣
ቶፊቅ ስለ ነዳጅ ወረፋ ማውራት ጀመረ፣ ጨረሰ።
ልጁ ጎንበስ አለ፤ ከጎማው ሥር ያንን ቆርኪ አነሳ፣
«ይሄኛው ማነው?» አለ። «ማንም» አሉት፤ ሳቀ፤ ተረሳ።

ሲከፍለኝ ዝቅ ብሎ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ቃል፣
«ከሌላ ከተማ ሲያስተላልፉ፣ ከሩቅ ጣቢያም ይስባል?
ለእማዬ ነው» አለኝ።
«ይስባል» አልኩት።
አንቴናውን እስከ ጫፉ ድረስ ሳብኩለት።

ሄደ። ክርክሩ እንደ አዲስ ጋለ፣
ዴቃ «አይሄድም!» ስትል፣ ቶፊቅ «ይሄዳል!» እያለ።
እኔ ሳጥኔን ቆለፍኩ። አፌንም አብሬ።

ስድስት ሰዓት ሲመታ ደጅ አልጋዬ ላይ ነበርኩ፣
ከማዶ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈልግ ሰማሁ፤
ሽሽሽ ይላል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ተነሥቼ ሄድኩ፣
መስኮቱን ልዘጋው ነበር። ተውኩት፤ ተመልሼ ተኛሁ።